«ቀላል ነው»

ትናንት ማታ አንዲት ሴት ከስልኬ ውስጥ ሆና «ቀላል ነው!» አለችኝ። ፈገግ ብላ። ግንባሯ ላይ አንዲት ጠብታ ላብ የለም። እኔ በዚያች ደቂቃ አንዱ እግሬ ሳጥን ላይ፣ አንዱ እግሬ ወለል ላይ፣ ፊቴ ወደ ቁም ሳጥኑ ነበር። የእሷ ፊት ወደ መስኮቱ ነው። ሁለታችንም አንድ ነገር እየሠራን ነበር ይባላል።

ያለችው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ግን ይህን ቃል በምንም ቋንቋ ቢመጣ አውቀዋለሁ። ሲሉኝ ነው የኖሩት።

ነገሩ ስቴፕ ኤሮቢክስ ነው። ለማታውቁት፣ ከፊታችሁ ዝቅ ያለ መርገጫ ይቀመጣል፤ በሙዚቃ እየቆጠራችሁ ትወጣላችሁ ትወርዳላችሁ። ቀኝ ላይ፣ ግራ ላይ፣ ቀኝ ታች፣ ግራ ታች። አራት ቆጠራ። ይህንንማ ማን ያቅተዋል? ጎንደር ተወልዶ መውጣትና መውረድ ያቃተው ሰው አላውቅም። አፄ ፋሲለደስ በ1636 እንደ ፈረንጆቹ ከተማዋን ሲቆረቁሩ ሜዳ ጠፍቶ ነው እንዴ እላለሁ አንዳንዴ። ይኸው አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እኛ ስንወጣ ስንወርድ። ከፒያሳ ተነሥቶ ጎሃ ኮረብታ ድረስ በእግሩ የወጣ ሰው መርገጫ መግዛት አያስፈልገውም።

ግን አስተማሪዎቹ መውጣትና መውረድ አይበቃቸውም። ኮሪዮግራፊ ይሉታል። አራት ጊዜ ስምንት፣ በድምሩ 32 ቆጠራ። በዚያ ውስጥ እግር ከፍቶ የሚወጣበት ቪ ስቴፕ አለ፣ ወደ ፊት ረግጦ ወደ ኋላ የሚመለስበት ማምቦ አለ፣ ጉልበት ማንሳት አለ፣ መርገጫውን ተሻግሮ ወዲያ ማዶ መውረድ አለ፣ መዞር አለ። ሙዚቃው በደቂቃ 128 ምት ቢሆን ሠላሳ ሁለቱ ቆጠራ በ15 ሰከንድ ያልቃል። በ15 ሰከንድ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ አልጨርስም። ያንን ሁሉ እንደምንም ደርሼበት ልተነፍስ ስል ደግሞ «አሁን በግራ እንጀምረዋለን» ትላለች።

በነገራችን ላይ የሚያሳብደኝ መዞሩ አይደለም። ያቺ ጉልበት ማንሳት ናት። በተራው አወጣጥ ሁለቱም እግር ወጥቶ ሁለቱም ስለሚወርድ ሁሌም በቀኝ ነው የምትጀምሩት። ጉልበት ያነሳችሁ ለት ግን ቀኝ ይወጣል፣ ግራው አየር ላይ ይቀራል፣ ያው ግራ ቀድሞ ይወርዳል፣ ቀኝ ይከተላል፤ የሚቀጥለው ተራ ሳታስቡት የግራ ሆኗል። ሆን ተብሎ ነው የሚገባው፣ እግር እንዲቀያየር። ይህችን ነገር ግን አንድ ሰው አልነገረኝም። አንድ ሳምንት ሙሉ እግሬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በዚያ ላይ ሴትዮዋ ትይዩ ነው የቆመችው፤ «ቀኝ» ስትል እሷ በግራዋ ትሄዳለች፣ እንደ መስታወት መሆኑ ነው። ሌላኛዋ ቪዲዮ ላይ ያለችው ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ ታስተምራለች። የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች እስክለይ ሙዚቃው አልቋል። ቀላል ነው!

አገራችን ውስጥ ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚባል ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ቢሮ ትሄዳላችሁ፣ «ቀላል ነው፣ ፎርሟን ሞልቶ መምጣት ብቻ ነው» ትባላላችሁ። ፎርሟ አራት ገጽ ናት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለውን ጥያቄ ራሱ የሚሰጣችሁም ሰውዬ አያውቀውም። መንገድ ስትጠይቁ ቃሉ «ቅርብ ናት፣ እዚችው» ይሆናል፤ ቃሉ ተለወጠ እንጂ ዘሩ አንድ ነው። አንድ ጊዜ ቅዳሜ ገበያ ደርሼ ስመለስ አሥር ኪሎ ሽንኩርት ተሸክሜ «እዚችው» የተባለች ቤት ስፈልግ ጸሐይ ጠለቀችብኝ። የዶሮ ወጥም ሲነገራችሁ እንደዚያው ነው። «ቀላል ናት፣ ሽንኩርቱን ቁሌት ማድረግ ብቻ።» ያቺ «ብቻ» ስንት ሰዓት እንደሆነች የሚያውቅ ያውቃታል።

ሳጥኑም ራሱ የመጣው በ«ቀላል ናት» ነው። እውነተኛው መርገጫ ከ10 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ እግር እየተጨመረለት 15 እና 20 ይደርሳል። እኔ አናጢ ዘንድ ሄጄ 15 አልኩት። «ቀላል ናት እህቴ፣ ማክሰኞ መጥተሽ ውሰጃት» አለኝ። የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ አለመጠየቄ የራሴ ጥፋት ነው። በሦስተኛው ማክሰኞ ሰጠኝ። ስለካው 22። «ትንሽ ጨመር አድርጌልሻለሁ፤ ዋጋው ያው ነው» አለ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው እያየኝ። ምን ልበለው? ለምን እንደምፈልገው ጠየቀኝ። ልወጣበትና ልወርድበት ነው አልኩት።

«ከዚያስ?»

እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።

ነገሩ ሲጀመርም በሳጥን ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ መጨረሻ ጂን ሚለር የምትባል አሜሪካዊት የኤሮቢክስ አስተማሪ ጉልበቷን ታማ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች። ሐኪሙ በወተት ሳጥን ላይ እየወጣሽ ውረጂ፣ ጉልበትሽን የሚይዙት ጡንቻዎች ይጠንክሩልሽ ይላታል። እሷ ሙዚቃ ጨመረችበት። የጫማ ኩባንያው ሪቦክ ደግሞ መርገጫውን ይዞ ገባበት። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ሐኪሙ ማምቦ አላዘዘም። መዞርም አላዘዘም። ውጪ፣ ውረጂ ነው ያለው። በሐኪም ትእዛዝ ላይ የራሱን የሚጨምር ሰው እዚህ አገር ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ስልክ ላይ ስነግራት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችኝ። ይህን ተረት እወደዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፤ እግር የሌለው ነገር ሲራመድ ይታየኛል። ግን ረጋ ብላችሁ አስቡት። እንቁላሉ ብቻውን ምን አደረገ? ምንም። ዶሮዋ ናት 21 ቀን የታቀፈችው። እየተነሣች በአፏ አገላብጣዋለች፣ ሳይበርደው ተመልሳ ተኝታበታለች። ከላዩ ብድግ ብላ «ቀላል ነው፣ በርታ» ብላ የሄደች ዶሮ ብትኖር ግም እንቁላል ነው የሚተርፈው። ደግሞም ተረቱ በእግሩ ይሄዳል አለ እንጂ በግራ ጀምሮ ይዞራል አላለም።

እግርና «ቀላል ነው» ከተነሣ የ2009ኙን ሰርግ ሳላነሳ አላልፍም። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነው። እኔ ሚዜ ነኝ። የዛሬ ሚዜ እንደ ድሮው ሙሽራ አጅቦ መግባት አይበቃውም፤ ተለማምዶ፣ ተሰልፎ፣ እየጨፈረ ነው የሚገባው። ሦስት ቀን ልምምድ ነበር፤ ሁለቱን በሥራ አመለጠኝ። «ቀላል ናት፣ አንቺ ከኋላ ሆነሽ ዝም ብለሽ እኛን እዪ» አሉኝ። እሺ። አየሁ። እስከ መሃሉ ድረስ እያየሁ በደህና ሄድኩ። ከዚያ ሁሉም ዞሩ።

ሰልፍ ሲዞር የኋላው የፊት እንደሚሆን አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም።

ከፊቴ የማየው ሰው የለም። ሙሽራውና ሙሽሪት አሉ። እነሱን ማየት ጀመርኩ፤ እነሱም እኔን። ሌሎቹ ወደ ግራ ሲሄዱ እኔ ወደ ቀኝ፣ እነሱ ሲቀመጡ እኔ ስነሣ፣ ሁሉም በቪዲዮ አለ። በየዓመት በዓሉ ይከፈታል። «ቆይ ቆይ፣ እዚች ጋ አቁማት!» የሚል ዘመድ አይጠፋም። «ጎንደሬ ሆነሽ እንዴት እስክስታ አትችዪም?» ያለችኝም አለች። ስሚኝ እህቴ፣ ትከሻዬን ማንም እንዳይነካብኝ። ትከሻዬ ደህና ነው። እግሬን ነው ያልነገራችሁት!

ይኼ እንኳ ይሳቅበታል። የማይሳቅበት ሌላ አለ። ዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሁለተኛውን መስመር ይጽፍና «ግልጽ ነው» ብሎ አምስተኛው ላይ ይገኛል። ሦስተኛውና አራተኛው የት ሄዱ? «ይሄ እኮ ቀላል ነው። ያልገባው አለ?» ይል ነበር። ከስልሳ ልጅ አንድ እጅ አይወጣም። እጃችን ያልወጣው ስለገባን አልነበረም፤ ቀላል ነገር ያልገባው ሆኖ መቆም ስላስፈራን ነው። ከባድ ነው ቢለን ኖሮ ግማሻችን እንጠይቅ ነበር። ሒሳብ የእኔ ነገር እንዳልሆነ የወሰንኩት ያኔ ነው፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ በሌላ ሰው ስንፍና። አሁን የሰፈሩን እቁብ ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። አንድ ብር ጎድሎብኝ አያውቅም። ይቆጨኛል፣ እውነቴን ነው።

እግር ማስተማር እንዴት እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች እዚሁ ከተማችን ውስጥ አሉ። ድፍረት አይሁንብኝና በዓታ ቤተ ክርስቲያንን ማለቴ ነው። ጎንደር በዓታ የአቋቋም፣ ማለትም የማኅሌቱ ዝማሬና እንቅስቃሴ፣ ምስክር ጉባኤ ቤት ነው፤ ከየአገሩ ተማሪ የሚመጣበት። አጎቴም በልጅነቱ እዚያ ቆሟል። ቁም አለ፣ ዝማሜ አለ፣ መረግድ አለ፣ ጽፋት አለ። መቋሚያው የሚዘምምበት፣ ጸናጽሉ የሚነሣበት፣ ከበሮው የሚመታበት ሁሉ ቦታ ቦታ አለው። በ15 ሰከንድ አያልቅም፤ ዓመታት ነው የሚፈጀው። አጎቴን «መምህሩ ቀላል ነው ይሏችሁ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ።

«ድገም ነበር የሚሉን።»

«ከደገማችሁ በኋላስ?»

«ድገም።»

ድገም ማለት እኮ ትልቅ ክብር ነው። አልያዝከውም፣ ግን እስክትይዘው እዚህ ነኝ ማለት ነው። ጥምቀት ላይ ሊቃውንቱ በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲያሸበሽቡ አይታችኋል። ያ ሁሉ ሰው እንደ አንድ ሰው ወዲህ ዘመም፣ ወዲያ ዘመም። አንድም ፊቱን ወደ ቁም ሳጥን ያዞረ አላየሁም።

ስቴፑን ረሳሁት።

ያው እንግዲህ ሴትዮዋ «ድገሚ» ስለማትለኝ እኔው ለራሴ እያልኩ ነው። የቪዲዮውን ፍጥነት ቀነስኩት። እጅ የሚባለውን ነገር ሙሉ በሙሉ ተውኩት፤ እጄ ወገቤ ላይ ነው፣ እንደ ተቆጣች አማት። መዞሩ ሲመጣ ባለሁበት እረግጣለሁ፣ ቆጠራው እንዳይጠፋኝ። ተረከዜ እንዳይንጠለጠል ሙሉ እግሬን መርገጫው ላይ አሳርፋለሁ። አሁን 24ኛው ቆጠራ ላይ ደርሻለሁ። የቀረችኝ አንዲት ስምንት ናት። እርግጥ መዞሩ ያለው እዚያች ውስጥ ነው።

አከራዬ መጀመሪያ ሰሞን ድምፁን ሲሰሙ በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ በዚህ ሌሊት ቡና ትወቅጫለሽ?» ብለውኝ ነበር። ስኒያቸውን ይዘው ነው የመጡት። ስፖርት ነው እትዬ አልኳቸው። ሳጥኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ስኒያቸውን ይዘው ተመለሱ።

ዛሬ ከሥራ ስገባ ያቺን ስምንት ልጨርሳት ቆርጬ ነበር። ሳጥኑ በረንዳው ላይ ካስቀመጥኩበት የለም። ወዲያ ማዶ እትዬ ቡና አፍልተዋል፤ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ረከቦቱ ዛሬ ከፍ ብሏል። ጠጋ ብዬ ከሥሩ ያለውን አየሁት። ቄጤማ ተጎዝጉዞበታል።

«ልክክ አለ እኮ» አሉኝ። «አናጢው እጁ ይባረክ፣ ቁመቱን እንዴት አወቀው!»

«እትዬ፣ ልለማመድበት ነበር።»

«ይሄ ነገርሽ መች ነው የሚያልቅ?»

«ስምንት ቆጠራ ቀርቶኛል።»

«ስምንትማ ምን አላት፣ ቀላል…»

አላስጨረስኳቸውም። ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየኋቸው አላውቅም፤ ብቻ ዝም አሉና ቡና ቁርሱን ወደ እኔ ገፉልኝ።

«ቁጭ በይ። ገና አቦሉ ነው።»

ተቀመጥኩ። በረካው ሳይጠጣ ሳጥኑ አይነሣም።