«ስንተኛ ወጣሽ?» ባንልስ?

ሰኔ 30 ቀን የእህቴ ልጅ ካርዷን ይዛ መጣች። አምስተኛ ክፍል ናት። ገና ከበር ሳትገባ «ስንተኛ ወጣሽ?» አልኳት። አንገቷን ደፋች። «ሠላሳ አንደኛ» አለችና ካርዱን አጥፋ እናቷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው።

አውጥቼ አየሁት። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሒሳብ 48 ነበራት፤ በሁለተኛው 67 ሆኗል። ለዚህ እኮ እልል ሊባልላት ይገባ ነበር! ደረጃዋ ግን ከ29ኛ ወደ 31ኛ ወርዷል። ሌሎቹም ጨምረዋላ። የልጅቷን ልፋት ያ አንድ ቁጥር ዋጠው።

ደረጃ ከካርድ ላይ መውጣት አለበት እላለሁ። ውጤቱ ይኑር፤ የመምህሩ አስተያየትም ይኑር። ስንተኛነት ግን ልጁ ምን እንዳወቀና ምን እንደቀረው አይናገርም። ማን እንደበለጠው ብቻ ነው የሚናገረው። ሃምሳ ልጅ ባለበት ክፍል አንደኛ የሚወጣው አንድ ነው። ከመሃል በታች የሚቀሩት ብዙም ሳይቆዩ «እኔ ትምህርት አይገባኝም» ይላሉ፤ እጅ ማውጣትም ይተዋሉ። አንደኛዋም ብትሆን ሰላም የላትም። ሁለተኛ እንዳትወጣ ስለምትሰጋ ደብተሯን ለጓደኛዋ ማዋስ ይከብዳታል።

ፍርሃት ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ቦታ ይይዛል። ልጁ ጥያቄ እየሠራ በልቡ «ዘንድሮም ብወርድስ?» የሚል ከሆነ፣ ለስሌቱ የሚያስፈልገውን ሐሳብ ጭንቀቱ ይሻማዋል። ማታ አሳምሮ የሚያውቀው ነገር ፈተና ላይ ድርግም ይልበታል።

«ውድድር ከሌለ ልጅ ይሰንፋል» የሚሉ አሉ። ሲንጋፖር በትምህርት ውጤት ከዓለም ፊት ከሚሰለፉት አገሮች አንዷ ናት። እሷ ግን ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የክፍል ደረጃን ከተማሪዎች ካርድ ላይ አንስታለች።

«ጎበዙ በምን ይለያል?» ለሚለው ደግሞ የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ላስታውስ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚያ ትምህርት ቤቶችም እኮ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነበር። ሰልፍ ላይ እየተጨበጨበለት ደብተርና እስክሪብቶ የተሸለመ፣ ቤተሰቡም «የኛስ ጎበዝ ነው» ብሎ የተኛለት ልጅ። ደረጃው ያንን ልጅ አታለለው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

የእህቴን ልጅ አስቀመጥኳትና «ሒሳብን እንዴት 67 አደረስሽው?» አልኳት። ክፍልፋይ አስቸግሯት ነበር። ከጎኗ የምትቀመጠው ልጅ በምሳ ሰዓት ዳቦ እየቆረሰች አስረዳቻት። «ሩብና ሩብ ግማሽ ይሆናል፤ በቃ ገባኝ» አለችና ካርዱን ከእጄ ተቀብላ ለእናቷ ልታሳይ ሄደች።