«አውሬው ብረቱን አይጠይቅህም» ላለኝ ሻጭ

ወዳጆቼ፣ ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ለቀስት አደን የሚሆን፣ ምላጮች የተሰኩበት የፍላጻ ጫፍ ከምን ዓይነት ብረት እንደተሠራ መጠየቅ በሰው ፊት የሚያሳፍር ነገር የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? የጠየቅሁት በትሕትና ነበር። ማሸጊያው ላይ በትልቁ «የቀዶ ጥገና ብረት» ተብሎ ስለተጻፈ፣ «ይቅርታ፣ 420 ነው ወይስ 440ሲ? ጠጣርነቱስ በሮክዌል ስንት ነው?» አልኩ። ቁጥሮቹ የማይዝጉ ብረቶች ስም ናቸው፤ ሮክዌል ደግሞ የብረት ጠጣርነት መለኪያ ነው። ሻጩ ማሸጊያውን ከእጄ ተቀብሎ አገላበጠው፤ ከዚያም ወደ እኔ ሳይሆን አጠገቡ ወደ ቆሙት ደንበኞች ዞሮ «ወንድማችን የሚዘጋጀው ለአደን ሳይሆን ለፈተና ነው መሰለኝ» አለ። ሳቁ። ጥያቄዬን ደገምኩለት። «ስለታም ነው፤ ካላመንክ ጣትህን አስነካው» አለኝ። ስለታምነቱን እንዳልጠየቅሁት ስነግረው «አውሬው ብረቱን አይጠይቅህም!» ብሎ ዘጋው፤ ሳቁም እንደገና ተነሣ።

አዎን፣ እንስሳው አይጠይቅም። እኔ የምጠይቀው እርሱ መጠየቅ ስለማይችል ነው። ፍላጻ የሚገድለው በመቁረጥ ነው፤ ሳንባንና ታላላቆቹን የደም ሥሮች በንጽሕና ቆርጦ ደሙ በፍጥነት እንዲፈስ ካላደረገ፣ የቆሰለው እንስሳ ጫካ ገብቶ ለሰዓታት ይሰቃያል፤ አዳኙም ላያገኘው ይችላል። ከማሸጊያው ሲወጣ ጸጉር የሚላጭ ስለት ቆዳውንና የጎን አጥንቱን አልፎ ሲሄድ ከዶለዶመ፣ ሳንባው ዘንድ የሚደርሰው ዱልዱም ብረት ነው። ስለዚህ ጣቴን ማስነካቴ ምን ይነግረኛል? ስለቱ ዛሬ፣ አጥንት ሳይነካ፣ እንዴት እንደሆነ ብቻ ነው የሚነግረኝ።

እውነቱን ለመናገር የሚያበግነኝ ሳቁ አይደለም፤ ማሸጊያው ነው። «የቀዶ ጥገና ብረት» የሚባል አንድ የተወሰነ ብረት የለም፤ በዚህ ስም ልዩ ልዩ የማይዝጉ ብረቶች ይሸጣሉ። 440ሲ ወደ 1 በመቶ ገደማ ካርቦንና ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮሚየም አለው፤ በሚገባ ከተሠራ በሮክዌል ሲ መለኪያ 58 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። 420 ግን ካርቦኑ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ዝገትን በደንብ ይቋቋማል፣ ስለቱን የመያዝ አቅሙ ግን ዝቅ ይላል። ሁለቱ በአንድ ስም ታሽገው ሲሸጡ ገዢው በምን ይለያቸው?

ጠጣርነቱ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል ማለቴም አይደለም። ሲበዛ የጠጠረ ምላጭ የትከሻ አጥንት ሲመታ ይሸረፋል ወይም ይሰበራል፤ ሲበዛ የለሰለሰው ደግሞ ስለቱ ይታጠፋል። ፍለጋው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ቦታ ነው፤ ያንን የሚወስነው ደግሞ የብረቱ ስም ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደጋለ፣ እንዴት እንደቀዘቀዘና ከዚያ በኋላ በቀላሉ እንዳይሰበር በመጠነኛ ሙቀት እንዴት እንደገና እንደሞቀ ነው። ያው አንድ ብረት በአንዱ ሠሪ እጅ ድንቅ፣ በሌላው እጅ ከንቱ ይሆናል። ኤስ7 የሚባለውን የመሣሪያ ብረት የምወደው በቀላሉ ሳይሸረፍ ምት ስለሚችል ነው፤ መሮና መብሻ እንዲሆን፣ ተደጋጋሚ ምት እንዲችል ታስቦ የተቀመረ፣ ካርቦኑ ግማሽ በመቶ ገደማ የሆነ ብረት ነው። ኤ2 ደግሞ 1 በመቶ ያህል ካርቦንና 5 በመቶ ያህል ክሮሚየም ይዞ ስለቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብቃል። 1095 የተባለው ተራ የካርቦን ብረትም ቢሆን በመሳያ ድንጋይ በቀላሉ ይሳላል። ሦስቱም ይዝጋሉ፤ ዘይት መቀባት ግድ ነው። ስስ ዘይት ቀብቶ ማስቀመጥ የሚከብደው አዳኝ ካለ ቀስቱን ቢያስቀምጥ እመርጣለሁ።

ይህን ስጽፍ ያለፈው ጊዜ የቲታኒየሙ ጉዳይ ትዝ አለኝና ደሜ እንደገና ፈላ። ወርቃማ ምላጭ አሳይተው «ቲታኒየም ነው» ብለው ሸጡልኝ፤ ቲታኒየም ያሉት ቀለሙ ግን ቲታኒየም ናይትራይድ ነበር፤ ውፍረቱ በማይክሮን የሚቆጠር ልባስ ማለት ነው፤ ከሥሩ ያለው ማንም ያልጠቀሰው ብረት ነው። እውነተኛ የቲታኒየም ቅይጥ ቢሆንም እንኳ ለምላጭ አይጠቅምም ነበር፤ በብዛት የሚሠራበት ቅይጥ ጠጣርነቱ በሮክዌል ሲ 36 አካባቢ ስለሆነ ስለት አይዝለትም። የሚደነቀው ምላጮቹ በሚሰኩበት አካል ላይ ነው፤ ከብረት እጅግ ይቀልላል፣ ከአሉሚኒየም ደግሞ ይጠነክራል። አሉሚኒየሙማ አጥንት ላይ በጎን ሲያርፍ ይታጠፋል፤ ከታጠፈ በኋላ በቀጥታ አይበርም፤ አቅንቶ መልሶ መጠቀም ደግሞ ዕብደት ነው።

ጓደኞቼም ቢሆኑ አላስደሰቱኝም። «ዋናው ክብደቱ ነው፣ 100 ግሬይን ከሆነ ይበቃል» የሚለኝ አለ። 100 ግሬይን ማለት 6.5 ግራም ገደማ ነው፤ ያ 6.5 ግራም ከምን እንደተሠራ ካላወቅሁ ክብደቱ ብቻ ምን ያደርግልኛል? ፍላጻው ሚዛኑን እንደሚጠብቅ ይነግረኛል፣ አጥንት ላይ የሚሆነውን ግን አይነግረኝም። ሌላው ደግሞ «አንተ ነገር ታከብዳለህ» ይለኛል። ሕይወት ላይ የሚተኮስን ነገር ማን ያቅልለው?

ከሠሪዎች የምፈልገው ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው፦ የብረቱ ስም፣ የጠጣርነቱም ቁጥር። በጥንቃቄ የሚሠሩ አንዳንዶች ይጽፉታል፤ ይቻላል ማለት ነው። የማይጽፉት የማያውቁት ስለሆነ ነው ወይስ ብናውቀው ስለማንገዛቸው? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል።

የዛሬውን ገዛሁት፤ ሌላ አማራጭ አልነበረኝምና። አሁን ጥሩ ሞረድ አውጥቼ ከስለቱ ራቅ ባለው የምላጩ ክፍል ላይ እሞክረዋለሁ፤ ሞረዱ በቀላሉ ከበላው ለስላሳ ነው፣ ከተንሸራተተበት ጠጣር ነው። ትክክለኛ ቁጥር አይሰጠኝም፤ ከሻጩ መልስ ግን ይሻላል። ማሸጊያው የያዘው ሦስት ነው፤ አንዱን ለዚህ ሙከራ መሠዋቴ ነው፤ ዋጋውን የሚመልስልኝም የለም።