ለወይዘሮ ፈርሽፔቱንግ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ወይዘሮ ፈርሽፔቱንግ፣ የጀርመን ባቡር መዘግየት
ባሉበት ጣቢያ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ቅዳሜዎቼ እንዲመለሱልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ ፈርሽፔቱንግ፤

ይህን ማመልከቻ የምጽፍልዎ ኤርፉርት ጣቢያ ውስጥ፣ ብርድ የጠጣ የብረት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ከፊት ለፊቴ ያለው ሰሌዳ ወደ ጎታ የሚሄደው ባቡር 10 ደቂቃ እንደሚዘገይ ይናገራል። 10 ደቂቃ ለአንድ አጭር ማመልከቻ ይበቃል ብዬ ብዕሬን አወጣሁ።

በጀርመንኛ «መዘግየት» ማለት የሆነው ስምዎ በአንስታይ ጾታ ስለሚጠራ መጀመሪያ «ወይዘሪት» ልልዎ አስቤ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ድምፅ ማጉያው ባቡራችን የዘገየው «ከቀደመው ጉዞ በመጣ መዘግየት» ምክንያት መሆኑን ሲያስረዳ ሰማሁ። መዘግየት መዘግየትን የሚወልድ ከሆነ የልጆች እናት ነዎትና ወይዘሮነቱ ይገባዎታል።

እኔ ለስድስት ወር የተግባር ልምምድ፣ እዚህ ፕራክቲኩም ለሚሉት፣ ዬና የመጣሁ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ዬና ካርል ዛይስ በ1846 ወርክሾፑን ከከፈተባት ጊዜ ጀምሮ በሌንስ የምትታወቅ ከተማ ናት (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በእናንተው አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ብጽፍማ ሰባት ስምንት ዓመት ዘገየህ ይሉኛል)። የምለማመደው ስሙን ባልጠራው በአንድ ትንሽ ወርክሾፕ ነው። ሥራዬ የተወለወለውን ሌንስ በአልኮል በራሰ ስስ ወረቀት ከመሐል ወደ ዳር እየጠረግሁ ውፍረቱን መለካት ነው። ከተባለው ልክ በአምስት ሺሕኛ ሚሊሜትር ካለፈ ቀይ ሣጥን ውስጥ ይገባል። የራስ ፀጉር እንኳ ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ይወፍራል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ደረስኩ። አለቃዬ ሰላም ከማለቱ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ ቀጥሎ እኔን፤ እንደገና ሰዓቱን። ቀይ ሣጥን ውስጥ የገባሁ ያህል ተሰማኝ።

ከአዲስ አበባ ስነሳ አጎቴ «እዚያ የሐበሻ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ ባቡር ሰው አይጠብቅም» ብሎ መክሮኝ ነበር። እውነቱን ነው። ባቡር ሰው አይጠብቅም፤ ሰው ነው ባቡር የሚጠብቀው።

(ሰሌዳው አሁን 25 ደቂቃ ብሏል። ማመልከቻው ሊረዝም ነው።)

ከሁሉ በላይ አንጀቴን የሚያሳርረው መዘግየትዎ ሳይሆን አዘጋገይዎ ነው። በእኛ አገር የሚዘገይ ሰው «ደርሻለሁ፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ» ይላል። ታክሲ ውስጥ እንዳልሆነ፣ ምናልባትም ገና ጫማውን እየፈለገ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ሁለተኛ ማኪያቶ አዝዘን ወሬያችንን እንቀጥላለን፤ የተጎዳ የለም። እርስዎ ግን በቁጥር ይዋሻሉ። 10 ብለው ያስቀምጡኛል፤ ልነሳ ስል 25 ይላሉ፤ ቡና ልገዛ ሁለት እርምጃ ስራመድ ደግሞ ባቡሩ ሊገባ ነው ተብሎ ይለፈፋል። ቁርጡን አይናገሩም። «አንድ ሰዓት እዘገያለሁ» ቢሉኝ እኮ ከተማ ወጥቼ፣ ድልድይ አይቼ፣ ቋሊማ በልቼ እመለሳለሁ።

ወደ ጎታ ለመሄድ ስነሳ ይህ ሦስተኛዬ ነው። «ጎታ ምን አለህ?» ይሉኝ ይሆናል። እዚያ ፍሪደንሽታይን የሚባል ቤተ መንግሥት አለ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ የጎታው መስፍን ጋብዘዋቸው ከሮም ተነስተው ወደዚያ መጡ፤ ከጀርመናዊው ምሁር ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋርም ተቀምጠው ግእዝና አማርኛ አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ሥሩ ያ ትምህርት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አባ ጎርጎርዮስ አልፕስን የሚያህል ተራራ ተሻግረው ጎታ ደርሰዋል። እኔ ከዬና፣ በደህና ቀን አንድ ሰዓት ገደማ ከሚፈጅ ቦታ፣ መድረስ አቃተኝ። በእርግጥ እሳቸው ዕድለኛ ነበሩ። በጀርመን ምድር የመጀመሪያው በእንፋሎት የሚሄድ የመንገደኞች ባቡር ከኑረንበርግ ወደ ፉርት የተጓዘው በ1835 ስለሆነ በ183 ዓመት ቀድመው አምልጠውዎታል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ባቡሩ ጨርሶ ቀረ። በሁለተኛው ቅዳሜ ደረስኩ፤ የደረስኩት ግን ሙዚየሙ ሊዘጋ 20 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ቲኬት ቆራጯ እንደ ታማሚ አዝና አየችኝና «ሌላ ቀን ብትመጣ ይሻልሃል» አለችኝ። ቤተ መንግሥቱን ከውጭ ዞሬው፣ አንድ ፎቶ አንስቼ ተመለስኩ። ፎቶው ላይ በይበልጥ የሚታየው የእኔ አውራ ጣት ነው።

የዚያ ቀን ጉዳት በዚህ አላበቃም። በዚህ ክፍለ ሀገር ሱቆች ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይዘጋሉ፤ እሑድ ደግሞ አይከፈቱም። እርስዎ መንገድ ላይ፣ አንድ የስንዴ ማሳ መሐል አቁመው ለግማሽ ሰዓት ጥንቸል ሲያሳዩን ቆዩና ከሱቁ ደጃፍ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ላይ ደረስኩ። ሠራተኛው ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ ሰዓቱን ጠቆመኝ። በመስታወት ማዶ ሰዓት የሚጠቁም ሰው በዚህ አገር ሞልቷል፤ ጣቢያው ውስጥ ብቻ የለም። እሑድን እናቴ ሻንጣዬ ሥር ሸጉጣ የላከችልኝን በሶ በጥብጬ ዋልኩ። እሷ በሶውን ስትቋጥር «ጀርመን ውስጥ ምን ጠፍቶ ነው?» ብዬ ስቄባት ነበር።

ስለ ካሳም እናውራ። የምጓዘው በየወሩ በሚከፈለው የዶይችላንድ ቲኬት ነው። በ2023 በ49 ዩሮ ጀመረ፤ በ2025 58 ገባ፤ በ2026 መግቢያ ላይ 63 ሆነ። በሰዓቱ ከፍ የሚለው ዋጋው ብቻ ነው። ስሙ አገሩን ሁሉ ቢያካትትም ፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ አያሳፍርም፤ ስለዚህ በየከተማው እየወረድሁ ሌላ እይዛለሁ፤ እርስዎም በየከተማው ይቀበሉኛል። በዚህ ቲኬት የሄደ ሰው አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲዘገይ 1 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ይታሰብለታል። ካሳው 4 ዩሮ ካልሞላ ግን አይከፈልም። አንዴ ቢያዘገዩኝ ምንም የለም፤ ሁለቴም ቢያዘገዩኝ የለም፤ ሦስቴ ሲሆን 4 ዩሮ ከ50 ይደርሰኛል። ሁለቱን ካገኘሁ በኋላ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሦስተኛውን መመኘት ጀመርኩ። ሳይውል ሳያድር አንድ ባቡር እየዘገየ፣ እየዘገየ፣ ልቤ እየመታ... 58 ደቂቃ ላይ ደረሰ። በሕይወቴ ባቡር መጣ ብዬ ያዘንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

(40 ደቂቃ።)

በሒሳብ ችሎታዎ ግን ባርኔጣዬን አነሳለሁ። እዚህ ባቡር ዘገየ የሚባለው 6 ደቂቃ ሲሞላው ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ በሰዓቱ ደርሷል ተብሎ ይመዘገባል። ጨርሶ የቀረ ባቡርም ዘግይቷል ተብሎ አይቆጠርም፤ ሳይመጣ እንዴት ይዘገያል? ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ በ2024 ከረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓቱ የደረሱት 62.5 በመቶው ናቸው። በዚህ አቆጣጠር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያልተፈተንኳቸውን ትምህርቶች ሁሉ አልወደቅሁም ማለት ነው።

ዘመዶችዎም ታላላቅ ናቸው። በ2011 ሊከፈት ታስቦ በ2020 የተከፈተው የበርሊን አውሮፕላን ማረፊያ የቅርብ ዘመድዎ መሆኑን ሰምቻለሁ። የኮሎኝ ካቴድራል ደግሞ ቅድመ አያትዎ ሳይሆን አይቀርም፤ በ1248 ተጀምሮ ያለቀው በ1880 ነው። የተሠራውም ከባቡር ጣቢያው ደጃፍ ነው፤ መንገደኛው እየጠበቀ እንዲጽናና ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ላልክድዎ። አምስት ወር ሙሉ በትራም አብረውኝ ሲመላለሱ ትንፋሽ እንኳ ያላሰሙኝ ሰዎች፣ እርስዎ ሲመጡ ያወሩኛል። አሁን አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ሰሌዳው 25 ሲል ቀና ብለው አዩኝ፤ 40 ሲል ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ቀጥለው ከቦርሳቸው የተቀቀለ እንቁላል አውጥተው፣ በትንሽ ወረቀት ከተጠቀለለ ጨው ጋር፣ እንካ አሉኝ። እየላጥሁ ሳለ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረታችንን በጀርመንኛ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ብዙ ካሰቡ በኋላ «ታዲያ በእግሩ ከሄደ ለምን ባቡር ይጠብቃል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እርስዎ ካለዎት ይላኩልኝ።

እንግዲህ ልምምዴ ሊያልቅ የቀረው ሦስት ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ፣ የወሰዱብኝን ቅዳሜዎች በአስቸኳይ እንዲመልሱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ተለማማጁ

ግልባጭ፦
ለአለቃዬ (ሰዓቱን ለሚያየው)
ለእናቴ (በሶው አልቋል)
ለአባ ጎርጎርዮስ፣ ባሉበት

ማሳሰቢያ፦ ግልባጩን ስጽፍ ድምፅ ማጉያው ስለ ጎታ አንድ ነገር አለ። አሮጊቷ እጄን ጎትተው «ሐዲዱ ተቀይሯል!» አሉኝና በከዘራቸው ወደ ማዶ እያመለከቱ ቀድመውኝ ሄዱ። እኔ ወረቀቴን፣ ብዕሬንና የእንቁላሉን ቅርፊት ሰብስቤ፣ ደረጃውን ወርጄ፣ ሌላውን ወጥቼ ስደርስ ባቡሩ ሄዷል፤ አሮጊቷ በመስኮት እጃቸውን እያውለበለቡልኝ ነበር። የዘገየሁት 2 ደቂቃ ነው። ከ6 ደቂቃ በታች ስለሆነ በሰዓቱ እንደደረስኩ ተደርጎ ይመዝገብልኝ።