«አንዲት ቃል ብቻ ናት» ለምትሉኝ የፕሮሞ አዛዦች

ሐዋሳ ተቀምጬ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የፕሮሞ (የፕሮግራም ማስተዋወቂያ) ሞሽን ግራፊክስ፣ ማለትም የሚንቀሳቀስ ጽሑፍና ሥዕል፣ እሠራለሁ። ቅሬታዬን በግል ደጋግሜ ተናግሬ ሰሚ ስላጣሁ ዛሬ እዚህ ልጽፈው ተገድጃለሁ። «አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ቀይረህ ከማታው ዜና በፊት ላክልን» የሚል የቴሌግራም መልእክት በመጣ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል።

በቅርቡ አንድ ጣቢያ ለአዲስ የቤተሰብ ፕሮግራም የ30 ሰከንድ ፕሮሞ አዘዘኝ። ጽሑፉ ጸድቋል ተባልኩ፤ የተራኪዋም ድምፅ ተላከልኝ። በሰከንድ 25 ፍሬም ስለምንሠራ 30 ሰከንድ ማለት 750 ምስል ነው። ሎጎው ጥላና ነጸብራቅ ያለው ስሪዲ (ባለ ሦስት አውታር) በመሆኑ ኮምፒውተሬ አንዱን ፍሬም ሬንደር ለማድረግ (አስልቶ የመጨረሻውን ምስል ለማውጣት) 2 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህም ያለ እረፍት 25 ሰዓት ነው። መብራት ቢጠፋ ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ ባትሪው) ፋይሌን አስቀምጬ ኮምፒውተሩን እስካጠፋ ድረስ ብቻ ነው የሚያቆየኝ። ስለዚህ መብራት ሲመለስ ሥራው ካቆመበት እንዲቀጥል እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻው በፒኤንጂ የምስል ፋይል አወጣለሁ እንጂ በቀጥታ ቪዲዮ አላወጣም። እንዲህ ሁለት ሌሊት አድሬበት ላክሁ፤ ወደዱት።

በማግስቱ የፕሮሞ ክፍሉ ኃላፊ ደወለ። የፕሮግራሙ ሰዓት ከምሽቱ 2 ወደ 3 ተዛውሯል፤ ትረካው ላይም አንዲት ዓረፍተ ነገር ተጨምራለች። አዲሱ ድምፅ ሲደርሰኝ ከፊተኛው በ4 ሰከንድ ይረዝማል። ግራፊክሱ በድምፅ ላይ እንደ ነጠላ የሚደረብ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ ቃል ተራኪዋ በምትጠራበት ቅጽበት እንዲገባ የድምፁን ሞገድ እያየሁ ኪፍሬም በኪፍሬም (እንቅስቃሴው የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቅጽበት ምልክት እያደረግሁ) ያሰርኩት ነው። የአየር ሰዓቱ ያው 30 ሰከንድ ስለሆነ ለተጨመረችው ዓረፍተ ነገር ቦታ ለማግኘት የቀረው ሁሉ መጨመቅ አለበት። የሰዓቱ ቁጥርም ነጸብራቁ ሎጎው ላይ እንዲያርፍ እነርሱው ስለጠየቁ፣ 2ን በ3 መተካት ሎጎውን እንደገና ሬንደር ማድረግ ነው።

ይህን ሳስረዳው «ጽሑፉም ቀጥኗል፣ በዚያው አወፍርልን» አለኝ። የላቲን ፊደል ከቀጭን እስከ ወፍራም በየደረጃው ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ ጣቢያው እንድጠቀም የሰጠኝ የአማርኛ ፎንት ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ዙሪያውን መስመር ጨምሬ ሳወፍረው የ«ቤ» ቀለበት ተደፈነ። አራት እርምጃ ርቄ በቴሌቪዥን ሳየው «ቤተሰብ» የሚለው «ቢተሰብ» ሆኖ ይነበባል። የፕሮግራሙ ዋና ቃል ተሳስቶ በአየር ላይ እንዲውል ሕሊናዬ ስላልፈቀደ አራቱን ፊደላት በእጄ ሣልኳቸው፤ የ«ቤ»ን ቀለበት ብቻ ክፍት ሆኖ እስኪታይ አምስት ጊዜ አስተካክያለሁ። ግማሽ ቀን ሄደ። ለዚህ የተከፈለኝ ነገር የለም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን «አንተ እኮ ሐዋሳ ነህ፣ ጊዜ አለህ» መባሌ ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ እየበላሁ የምውል መሰልኳቸው እንጂ፣ በዚያ ሳምንት ሐይቁን በዐይኔም አላየሁት። ከአዲስ አበባ ውጭ የሚኖር ባለሙያ ሰዓቱ ዋጋ የለውም ያለው ማን ነው? ደግሞም ድንገተኛ ለውጥ አይኑር አላልኩም፤ የፕሮግራም ሰዓት ሊዛወር እንደሚችል አውቃለሁ። ነገር ግን ከሬንደር በፊት ድምፅ ያለውን ረቂቅ ልኬላቸው ነበር፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ነው የመለሱልኝ። ያን ጊዜ ሰብሰብ ብለው በጥሞና ቢያዩት ኖሮ የፊደሉ መቅጠን ያኔውኑ በታየ፣ የጎደለችው ዓረፍተ ነገርም ያኔውኑ ትዝ ባለቻቸው ነበር።

ከእንግዲህ ረቂቁ ታይቶ፣ ድምፁና የፕሮግራሙ ሰዓት በጽሑፍ ጸድቀው ሳይደርሱኝ አንዲትም ፍሬም ሬንደር አላደርግም። ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ለውጥ፣ አንዲት ቃልም ብትሆን፣ በሚፈጀው ሰዓት ልክ አስከፍላለሁ።