ጥር ላይ ዝም፣ ሰኔ ላይ "ከዳን"!

ኧረ ወገን፣ ይሄ ነገር በየዓመቱ ያንገበግባል! ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ ልጅ ሠፈር ሜዳ ላይ ያድጋል፣ የከተማው ክለብ ያሰልፈዋል፣ ሁለት ዓመት ይበስላል። ሰኔ 30 ውሉ ሲያልቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ አዲስ አበባ ይገባል፤ ለክለቡ አምስት ሳንቲም የለም። ደጋፊው ደግሞ "ከዳን" ብሎ ልጁን ይሰድባል። ልጁ ምን አጠፋ? ውሉን አክብሮ ጨርሷል።

የፊፋ ደንብ እኮ ግልጽ ነው፤ ውሉ ሊያልቅ 6 ወር የቀረው ተጫዋች ከፈለገው ክለብ ጋር መፈረም ይችላል። ሰኔ 30 ለሚያልቅ ውል ቀኑ ታኅሣሥ 30 ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ብር አውጥቶ ይገዛዋል? ታግሦ በነጻ ይወስደዋል እንጂ!

ክለቡ ውል ማደሱን ለምን እንደሚያዘገይ ሲጠየቅ መልሱ "በጀት ይጽደቅ" ነው። በጀቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1፣ ውሉ የሚያልቀው በዋዜማው! በጀት የሚጠብቅ ክለብ መቼም አይደርስም። ደመወዙ ከመጪው በጀት ይከፈል፣ ንግግሩ ግን መስከረም ላይ ይጀመር። ደግሞ ቋሚ ተሰላፊው ሁሉ በአንድ ሰኔ ውል እንዲጨርስ ማን ፈረደብን? ደንቡ እስከ 5 ዓመት ይፈቅዳል፤ ከ18 ዓመት በታች ላለው 3። የ20 ዓመት ልጅ በአንድ ዓመት ውል ማስፈረም ለሌላ ክለብ ማሳደግ ነው።

የቡድኑ ምሰሶ ከሆነ ዓመት ተኩል ሲቀረው አድሱት። መሄድ የቆረጠ ወጣት ከሆነ ውድድሩ ሳይጋመስ ሽጡት፤ ዋጋው ዝቅ ቢል እንኳ ወደፊት ሲሸጥ ድርሻ እንዲኖረን ውሉ ላይ ይጻፍ። ለማደግ ሁለት ነጥብ የቀረው ቡድን አጥቂውን በነጻ ማጣትን መርጦ ሊያቆየው ይችላል፣ ያ ያስኬዳል። ግን ተመክሮበት፣ በቃለ ጉባኤ ተይዞ ይሁን!

ደመወዝ ሳይከፍሉ "ውል አለብህ" ማለትም አይሠራም። የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ 15 ቀን ጠብቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ያኔ ሽያጭም እድሳትም የለም።

ከሁሉ የሚያበግነው ምዝገባው ነው። ተጫዋች በዋጋ ወደ ውጭ ሲሸጥ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ከ12 እስከ 15 ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 0.5። ድርሻው የሚታሰበው ደግሞ በፌዴሬሽን ምዝገባ ነው። የታዳጊዎቻችን ስም ያለው ግን አሠልጣኙ ደብተር ላይ ነው፤ አሠልጣኙ ሲቀየር ደብተሩም አብሮ ይሄዳል። የክለብ ጸሐፊዎች፣ እባካችሁ፣ የልደት ቀኑንና የገባበትን ወቅት ዘንድሮ ፌዴሬሽን አስመዝግቡ!