የጎበዟ ተማሪ ውዳሴ

«አሜሪካ ከጃፓን አልማር አለች» የሚሉ ሐሜተኞች አሉ። ምላሳቸውን ይቁረጠው! አስተማሪውን ራሷ ወልዳ፣ ለባሕር ማዶ ሰው አውሳ፣ ሠላሳ ዓመት ረስታው ከቆየች በኋላ ከፍላ የምትሰማው ተማሪ ከእሷ ሌላ የት ትገኛለች?

ኤድዋርድስ ዴሚንግ የአሜሪካዋ አይዋ ግዛት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄዶ የፋብሪካ ዕቃ ጥራት በስታትስቲክስ እንዴት እንደሚጠበቅ አስተማረ። ጃፓኖች ዓመት ሳይቆዩ በስሙ ሽልማት አቆሙለት። አገሩ ግን ሰውዬውን ከሥራው ላለማናጠብ ብላ እስከ 1980 ዝም አለች። «ለካ የኛው ኖሯል!» የተባለው በዚያ ዓመት በቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ዕድሜው 79፣ ቢሮው እዚያው ዋሽንግተን፣ የገዛ ቤቱ ምድር ቤት።

ተግባራዊ ትምህርትም አልቀረም። የጃፓኑ ቶሺባ እህት ኩባንያ ለሶቭየት ኅብረት የተከለከለ ማሽን ሸጠ በተባለ ጊዜ፣ በ1987፣ የምክር ቤት አባላት ካፒቶል ሣር ላይ ወጥተው ካሜራ ፊት የቶሺባ ሬዲዮ በመዶሻ አደቀቁ። ዕቃ ውስጡን ከፍቶ ማጥናት የጥሩ ተማሪ ምልክት ነው። (እኛ በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችንን ከጃፓን ስንቀዳ መዶሻ እንኳ አልያዝንም።)

ፍሪሞንት ካሊፎርኒያ ላይማ ጃፓን ራሷ ቤት ድረስ መጣችላቸው። ጄኔራል ሞተርስ ተስፋ ቆርጦ የዘጋውን ፋብሪካ በ1984 ከቶዮታ ጋር ከፈተው። ሠራተኛው ያው የድሮው፣ አዲሱ ነገር ከራሱ በላይ የተንጠለጠለው ገመድ ነው፤ ጉድለት ያየ ሁሉ ስቦ ሥራውን ያስቆማል። መኪናው አማረ። ጄኔራል ሞተርስም ገመዱን ሃያ አምስት ዓመት በጥሞና አጥንቶ በ2009 ኪሳራ አወጀ።

ስለ ትምህርት ቤትም ይጠይቃሉ። የጃፓን ሕፃናት ክፍላቸውን ራሳቸው ይጠርጋሉ፣ ምሳም ለጓደኞቻቸው ያድላሉ። አሜሪካዊው ባለሙያ ይህን አይቶ፣ ተደንቆ፣ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ፎቶውን በስብሰባ ላይ ያሳያል። አዳራሹን ማታ የሚጠርገው ግን የጽዳት ሠራተኛው ነው፤ አንዳንዴም የኛው አገር ሰው።

ይህ ሁሉ ፍቅር የቀዘቀዘው በ1990 የቶኪዮ አክሲዮን ሲንኮታኮት ነው። ልጆቹ መጥረጊያቸውን አልጣሉም፤ የወደቀው ኒኬይ (የቶኪዮ አክሲዮን ዋጋ መለኪያ) ብቻ ነበር፤ ተማሪዋ ግን ደብተሯን ዘጋች። ኒኬይ የ1989ኙን ጣሪያ በየካቲት 2024 አልፎታል። እንግዲህ ሥልጠናው ሊጀመር ነውና ወንበር ያዙ፤ መዶሻ በሩ ላይ ይታደላል።