ለድርሻ ቆጣሪዎች የቀረበ ውዳሴ

ማንነት የሚባለውን አስቸጋሪ ጉዳይ ከጫንቃችን አውርደው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ላስቀመጡልን ወገኖች እስካሁን ተገቢው ምስጋና አልቀረበላቸውም። ቀደም ባለው ጊዜ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ አያቶቹን መጠየቅ፣ ታሪክ ማንበብ፣ ከጎረቤቱ ጋር ክፉ ደጉን ማሳለፍ፣ ይባስ ብሎም ራሱ ማሰብ ይጠበቅበት ነበር። ዛሬ ግን ሙዚየም በር ላይ ትኬት ቆርጦ መግባት፣ አዳራሹን ፈጠን ብሎ መዞርና «የእኛስ የታለ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። በመስታወቱ ውስጥ ካለን አለን፤ ከሌለን የለንም።

የዚህ ጥበብ ጥልቀት ያልገባቸው አንዳንድ የዋሆች ሙዚየም የሚኬደው ለማየት ነው ይላሉ። ማየት ግን አደገኛ ነገር ነው። አንድን መሶብ ቆሞ የተመለከተ ሰው ስፌቱ ከየት እንደተጀመረ፣ ሰፊዋ ስንት ክረምት እንደፈጀባት ማሰቡ አይቀርም፤ ሲያስብም ይህንኑ የሚመስል ስፌት ሌላ አገር አይቼ ነበር ብሎ ይጠራጠርና የማይወጣበት ነገር ውስጥ ይገባል። ድርሻ ቆጣሪው እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም። ዐይኑ ከመሶቡ ላይ ሳያርፍ በቀጥታ ሥሩ ወደተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ይወርዳል፤ ዕቃው የመጣበትን ቦታ ያነባል፤ የእሱ አገር ካልሆነ ቅር ብሎት ያልፋል፤ የእሱ አገር ከሆነ ደግሞ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሣና ያልፋል። በሁለቱም መንገድ መሶቡ ከመታየት ይድናል።

አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ይህን የመሰለውን አሠራር የምታውከው ድንቅነሽ ብቻ ናት። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ይህች አንጋፋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ስትሆን፣ በሕይወት በነበረችበት ዘመን እንኳን ኢትዮጵያ፣ ዛሬ ሰው የምንለው ዝርያም ገና አልነበረም። መታወቂያ ቢወጣላት «ብሔር» በሚለው መስመር ላይ ምን እንደሚጻፍ የቀበሌ ጸሐፊ ግራ ይጋባል። ይህም ሆኖ በእርሷ ሁላችንም እንኮራለን፤ ምናልባት ልንኮራባት የቻልነው የማንንም ቋንቋ ስለማትናገር ይሆናል። በአዳራሹ የምትታየው ቅጂዋ እንደሆነችና ዋናው አጽም በካዝና እንደሚጠበቅ ለጎብኚ ቢነገረውም ኩራቱ አይቀንስም፤ ቅጂም ያኮራል። (ለዐውደ ርእይ ተብሎ በ1999 ዓ.ም. አሜሪካ ሄዳ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ቆይታ አገሯ መመለሷ ግን በራሱ የተለየ ምስጋና የሚገባው ተግባር ነው።)

ከአምስት ኪሎ ጥቂት ሽቅብ ሲሉ ግን እጅግ አሳሳቢ ነገር ይገጥማል። የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኛል። ይህን ሙዚየም ያደራጁት ሰዎች፣ ምን ነክቷቸው እንደሆነ አይታወቅም፣ ዕቃዎቹን በየብሔረሰቡ ከፍሎ ማስቀመጥ ሲቻል በሰው የሕይወት ጉዞ መሠረት ደርድረዋቸዋል። ጎብኚው በልጅነት ይጀምራል፤ በጉልምስና በኩል ያልፋል፤ ሞት ላይ ይደርሳል። የደጋው ልጅ መጫወቻ ከቆላው ልጅ መጫወቻ አጠገብ ነው። አንዱ በሚድርበት ዕቃ አጠገብ ሌላው የሚያድንበት መሣሪያ ይቆማል፤ ሁሉም ይወለዳል፣ ይጫወታል፣ ይሠራል፣ ይቀበራል። እንዲህ ባለ አዳራሽ ውስጥ ድርሻ መቁጠር ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ሞክሮ ያየ ያውቀዋል፤ የራሱን ለማግኘት የሁሉንም ሕይወት ከልደት እስከ መቃብር ለመመልከት ይገደዳል። ሲደክመው አረፍ እንዳይል ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አሉ፤ በዚያ ባኞ አጠገብ ቆሞ ስለ ብሔራዊ ማንነት ከባድ ነገር ለመናገር የቻለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ግቢው ውስጥ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃም አለ። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ለፋሺስት አገዛዝ ዓመታት መታሰቢያ እንዲሆን ያቆሙት ሲሆን፣ እነርሱ ከወጡ በኋላ ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ አንበሳ ተቀመጠበት። ይህ ድርሻ ቆጣሪዎችን ማስቆጣት የነበረበት ሥራ ነው፤ ደረጃው የጠላት፣ አንበሳው የእኛ፣ ታሪኩም የሁለቱ ከሆነ በየትኛው ዓምድ ሊመዘገብ ነው?

ሥርዓት ያለው ቆጠራ ለማየት ታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ወደተከፈተው አንድነት ፓርክ መሄድ ይሻላል። እዚያ ክልሎች የየራሳቸው ማሳያ ቤት ስላላቸው ጎብኚ አይደናገርም። ፓርኩ በ2012 ዓ.ም. ሲመረቅ ክልሎቹ 9 ነበሩ፤ ዛሬ 12 ናቸው። በዚህ አካሄድ ማንነታችን ባይጠናቀቅም የግንባታ ዘርፉ ሥራ አይፈታም።

ፒያሳ ላይ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ለቆጣሪዎቻችን ሰፊ መስክ ከፍቷል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው ድል የአንድ ቀን ሥራ ነበር፤ ድልድሉ ግን እነሆ አሁንም አላለቀም። የማን ምስል ከማን ቀደመ፣ ማን በፈረስ ማን በእግር ቆመ፣ የየትኛው ጦር አዝማች ስም ተዘለለ እየተባለ የሚደረገው ክርክር እንዴት ያለ ትጋት እንደሚጠይቅ ስናስብ፣ በዚያ ቀን መድፍ ወደ ተራራ የጎተቱት ሰዎች ይህን ሁሉ ሳይነጋገሩ መዝመታቸው ግዴለሽነት ይመስላል።

ለንደንንም ልንረሳት አይገባም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተዘረፉት መካከል 11 ታቦታት በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ሙዚየሙም ለሕዝብ አያሳያቸውም፤ ሊያዩአቸው የሚፈቀድላቸው ካህናት ብቻ ናቸው። የዘረፈ አገር ሥርዓታችንን ይህን ያህል ሲያከብር ማየት ያስደስታል። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. የመቅደላን ቅርሶች ለረጅም ጊዜ በውሰት ልስጣችሁ ብሎ ነበር፤ ማንነት እንደ መጽሐፍ ተውሶ የሚመለስ ነገር መሆኑን ከዚህ በላይ በትሕትና ያስተማረን የለም።

አንድ ሙዚየም ብቻ ከዚህ ሁሉ ቆጠራ ውጭ ቀርቷል። መስቀል አደባባይ ዳር ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው በፎቶግራፍ ተሞልቷል፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። በመስታወቱ ውስጥ አጥንት፣ ከአጥንቱም ጋር ከጅምላ መቃብር የወጣ ልብስ አለ። ድርሻ ቆጣሪው እዚህም ገብቶ ከሟቾቹ መካከል የወገኖቹን ስም ሊፈልግ ይችላል፤ መብቱ ነው። ነገር ግን የገረፈው፣ የተኮሰው፣ የጎረቤቱን ልጅ የጠቆመው፣ እናትን ለልጇ ሬሳ የጥይቱን ዋጋ ያስከፈለውም ከሌላ አገር የመጣ አልነበረም፤ እርሱም አያት፣ አገርና ቋንቋ ነበረው። በዚያ በኩል «የእኛስ የታለ? ለምን ተዘለልን?» ብሎ አቤቱታ ያስገባ ወገን እስካሁን አላጋጠመኝም። ቆጠራው ጎዶሎ ሆኖ እንዳይቀር፣ የሚመለከተው ኮሚቴ በተቋቋመ ጊዜ የእነርሱንም ሣጥን አብሮ እንዲያሠራ፣ ልኩንም ሲወስድ ስፋቱን እንዳይሰስት በአክብሮት እናሳስባለን።